ምዕራፍ ስምንት፦ የዊናሽ ኮረብታ ሙግትና አመዛዛኝ ድርሰት

ባለፉት ምዕራፎች ስለ ተራኪና ስለ ገላጭ ድርሰቶች አጥንተናል። ተራኪ ድርሰት የተፈጸመውን ነገር በቅደም ተከተል ያወሳል፤ ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነትና አሠራር ያብራራል። በዚህ ምዕራፍ የምንመለከተው አመዛዛኝ ድርሰት ግን ሰዎች ያልተስማሙበትን ጉዳይ አንሥቶ፣ የሁለቱንም ወገኖች ሐሳብ በሚዛን አስቀምጦ፣ በበቂ ምክንያት ከፍርድ ላይ የሚደርስ ጽሑፍ ነው።

ለትምህርቱ መነሻ የሚሆን ምንባብ ከዚህ ቀጥሎ ቀርቧል። ምንባቡን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ተከተሉ፤ በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ወገን ምን እንዳለና ሐሳቡን በምን እንዳስደገፈ በደብተራችሁ መዝግቡ።

ከማንበባችሁ በፊት፦ በአዳማ ከተማ አቅራቢያ በኮረብታዎች ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ያየ ተማሪ በመካከላችሁ ይኖር ይሆናል። እነዚህ በሁለት ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ2012ና በ2015 ተሠርተው የተጠናቀቁ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ተርባይኖች ቆመዋል። ያየ ተማሪ ላላየው ቁመታቸውን፣ ድምፃቸውንና አቀማመጣቸውን በቃል ይግለጽለት።

ሀ. ምንባብ

ወዳጅ ከወዳጅ የተሟገተበት ኮረብታ

በእንግሊዝ አገር ሰሜን ምዕራብ ከምብሪያ የሚባል ግዛት አለ። አገሩ ተራራማ፣ ሐይቆቹ ብዙ፣ ዝናቡ የማይቋረጥ፣ በጎቹ በየኮረብታው የተበተኑ ነው። በዚያ አካባቢ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች ይገኛሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው ሌክ ዲስትሪክት ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1954 የተቋቋመው ዮርክሸር ዴልስ ነው። በሁለቱ ፓርኮች መካከል፣ ቲቤይ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ዊናሽ የሚባል ኮረብታ አለ። ይህ ታሪክ በተፈጸመበት ዘመን ኮረብታው ከሁለቱም ፓርኮች ወሰን ውጪ ነበር። ከግርጌው ደግሞ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ኤም 6 የተባለው ታላቅ አውራ ጎዳና ያልፋል።

በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ፣ አንድ ኩባንያ በዚህ ኮረብታ ላይ 27 የነፋስ ተርባይኖች ለመትከል ዐቀደ። የእያንዳንዱ ተርባይን ቁመት፣ የክንፉ ጫፍ ሽቅብ ሲያመለክት፣ 115 ሜትር ነበር፤ ይህም ከሠላሳ ፎቅ ሕንፃ አያንስም። ኮረብታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከነፋስ የሚገኘው ኀይል ከነፋሱ ፍጥነት ጋር እኩል እየጨመረ የሚሄድ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ተርባይን የሚተክል ሰው ብርቱ ነፋስ የሚነፍስበትን ከፍታ መፈለጉ የግድ ነው። ችግሩ ግን ነፋስ የሚወደው ከፍታ የሰው ዐይንም የሚወደው መሆኑ ነው።

በእንግሊዝ በወቅቱ ይሠራበት በነበረው ሕግ መሠረት፣ ከ50 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጭ ጣቢያ ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው የአገሪቱ ሚኒስትር ነበር። ለአካባቢው ፕላን ኀላፊነት ያለበት ባለ ሥልጣን ዕቅዱን የተቃወመ እንደ ሆነ ግን፣ ሚኒስትሩ ከመወሰኑ በፊት ጉዳዩ በሕዝብ አጣሪ ሸንጎ ፊት መታየት ነበረበት። የዊናሽም ዕቅድ በዚህ መንገድ ሄዶ፣ ሸንጎው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ተከፈተ።

የአጣሪው ሸንጎ አሠራር ሊታወቅ ይገባል። በሸንጎው የሚቀመጠው አጣሪ በመንግሥት የተመደበ ባለሙያ ነው። ተከራካሪዎቹ ወገኖች ማስረጃቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ አንዱ የሌላውን አንብቦ መልስ ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ምስክሮች በሸንጎው ፊት ይቀርባሉ፤ ተቃራኒው ወገንም በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትናቸዋል። ጠበቃ ያልያዘ የመንደር ነዋሪም ቢሆን ተነሥቶ የመናገር ዕድል ይሰጠዋል። አጣሪው ቦታውን በዐይኑ ካየ በኋላ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ጽፎ ለሚኒስትሩ ያቀርባል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የሚኒስትሩ ነው።

ይህን ሥርዐት ከአገራችን የቀድሞ ልማድ ጋር ብናስተያየው የሚመስልበትም የሚለይበትም ነገር አለ። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ የሚመረምረው ጥፋተኛውን ለማውጣት ነበር። በዊናሽ ሸንጎ ግን የሚፈለግ ጥፋተኛ አልነበረም። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በንግግር ችሎታ ይረታቱ ነበር። በዊናሽም ሙግት ነበር፤ ይሁን እንጂ አንደበተ ርቱዕ መሆን ብቻውን አያረታም፤ ተናጋሪው የተናገረውን በማስረጃ እንዲያጸና ይጠየቃል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የተሟጋቾቹ ማንነት ነው። ዕቅዱን ከደገፉት መካከል ግሪንፒስና «የምድር ወዳጆች» የተባሉት የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ነበሩ። ከተቃወሙት መካከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተው «የሌክ ዲስትሪክት ወዳጆች» ማኅበር፣ በወቅቱ የገጠርን ጉዳይ ይከታተል የነበረው ካንትሪሳይድ ኤጀንሲ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በቴሌቪዥን ዝግጅቶቹ የታወቀው የዕፀዋት ሊቅ ዴቪድ ቤላሚና ተራራ ወጪው ክሪስ ቦኒንግተን ይገኙባቸዋል። ተፈጥሮን የሚወድ ተፈጥሮን ከሚወድ ጋር፣ ወዳጅ ከወዳጅ ጋር ቆሞ ተሟገተ ማለት ነው።

ደጋፊዎቹ የሚሉት ይህ ነበር። የድንጋይ ከሰልና ጋዝ በማቃጠል የሚወጣው ጭስ የምድርን ሙቀት እየጨመረ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኀይል 10 በመቶውን ከማያልቁ የኀይል ምንጮች ለማግኘት ዐቅዷል፤ ዕቅዱ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ተርባይኖቹ አንድ ቦታ መቆም አለባቸው። ዊናሽ ብርቱ ነፋስ አለው፤ ከብሔራዊ ፓርኮቹ ወሰን ውጪ ነው፤ በአጠገቡም አውራ ጎዳና ስለሚያልፍ የሰው እጅ ያልነካው ምድር ሊባል አይችልም። የአየር ጠባይ ሲለወጥ ተራራውም፣ ሐይቁም፣ የዱር እንስሳውም ይጎዳሉና፣ ዛሬ መልክዐ ምድሩን ለማዳን ብሎ ተርባይኑን መከልከል ነገ መልክዐ ምድሩን ራሱን ማጣት ነው።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እንዲህ ሲሉ መለሱ። የወሰን መስመር በካርታ ላይ የተሰመረ እንጂ በምድር ላይ የሚታይ አይደለም፤ ኮረብታው ከሁለቱ ፓርኮች በውበቱ አያንስም፤ ተርባይኖቹም ከሁለቱም ፓርኮች ውስጥ ይታያሉ። ሰዎች ወደዚያ አገር የሚመጡት ጸጥታን ፍለጋ በእግር ለመጓዝ ነው፤ ጸጥታው ከጠፋ ሌላ ቦታ ሊገዛ አይችልም። ነፋስ ደግሞ ሁልጊዜ አይነፍስም፤ ስለዚህ ከሚገኘው ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። ንጹሕ ኀይልን አንጠላም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተርባይን በተገቢው ቦታ ይተከል።

ሸንጎው ለሳምንታት ሲያዳምጥ ቆይቶ ሥራውን ፈጸመ። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 የኤነርጂ ሚኒስትሩ ማልኮም ዊክስ ፈቃዱ መከልከሉን አስታወቁ። የውሳኔው ፍሬ ነገር፣ የነፋስ ኀይል ጥቅም የማይካድ ቢሆንም፣ በዚህ ቦታ በመልክዐ ምድሩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከጥቅሙ ይበልጣል የሚል ነበር። ውሳኔው ለነፋስ ኀይል በጠቅላላው የተሰጠ መልስ ሳይሆን ለአንድ ኮረብታ የተሰጠ መልስ መሆኑን ልብ ይሏል። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016፣ የሁለቱም ፓርኮች ወሰን ሲሰፋ ዊናሽ በሌክ ዲስትሪክት ክልል ውስጥ ገባ። የምድር ሙቀት ጥያቄ ግን ፈቃዱ በመከልከሉ አልተፈታም፤ ያ ኀይል ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት።

ለ. የቃላት ፍቺ

መባቻ፦ መጀመሪያ፣ የወር ወይም የዘመን መግቢያ።
መልክዐ ምድር፦ የአንድ አገር ገጽታ፤ ተራራው፣ ሜዳው፣ ወንዙ በአንድነት ሲታይ።
መስቀለኛ ጥያቄ፦ የምስክርን ቃል ለመፈተን በተቃራኒው ወገን የሚቀርብ ጥያቄ።
አንደበተ ርቱዕ፦ ንግግሩ የቀና፣ አሳምሮ የሚናገር።
የማያልቁ የኀይል ምንጮች፦ ፀሐይ፣ ነፋስና ውሃን የመሰሉ፣ ሲጠቀሙባቸው የማይነጥፉ ምንጮች።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. ኩባንያው የዊናሽን ኮረብታ ለምን መረጠ? ምክንያቱን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።
2. የአጣሪው ሥልጣን ከሚኒስትሩ ሥልጣን በምን ይለያል?
3. «ነፋስ የሚወደው ከፍታ የሰው ዐይንም የሚወደው ነው» የሚለው አነጋገር ምን ማለት ነው?
4. የአውራ ጎዳናው በኮረብታው አጠገብ ማለፍ ለየትኛው ወገን ክርክር ጠቀመ? ለምን?
5. የምንባቡ ርእስ «ወዳጅ ከወዳጅ የተሟገተበት ኮረብታ» የተባለው ስለ ምን ነው?
6. የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ባይጻፍ ኖሮ የምንባቡ ሚዛን ወዴት ያጋድል ነበር?

መ. ሰዋስው፦ ተጻራሪ ሐሳቦችን የሚያያይዙ ቃላት

ሁለት የማይስማሙ ሐሳቦችን በአንድነት ለመግለጽ የሚያገለግሉ አያያዥ ቃላት በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ።

1ኛ. ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ዐረፍተ ነገሮችን የሚያያይዙ፦ ግን፣ ነገር ግን፣ ይሁን እንጂ፣ ሆኖም።

ምሳሌ፦ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አይነፍስም።

በዚህ ዐይነቱ አነጋገር ሁለቱም ሐሳቦች በየራሳቸው ማሰሪያ አንቀጽ ታስረው ይቆማሉ። ስለዚህ ከአያያዡ ቃል በፊት ድርብ ሰረዝ ይገባል።

2ኛ. አንዱን ሐሳብ ጥገኛ፣ ሌላውን ዋና የሚያደርጉ፦ «ምንም እንኳ ... ቢ ... ም» ወይም «ቢ ... ም» ብቻውን።

ምሳሌ ሀ፦ ተርባይኖቹ ንጹሕ ኀይል ቢሰጡም፣ የኮረብታውን ገጽታ ያበላሻሉ።
ምሳሌ ለ፦ ተርባይኖቹ የኮረብታውን ገጽታ ቢያበላሹም፣ ንጹሕ ኀይል ይሰጣሉ።

እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በጥንቃቄ አስተያዩ። በሁለቱም ውስጥ የተነገረው ነገር አንድ ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። ነገር ግን ምሳሌ ሀን የሚናገረው ተቃዋሚ፣ ምሳሌ ለን የሚናገረው ደጋፊ መሆኑን ማንም አንባቢ ያውቃል። ይህ የሆነው ለምንድን ነው? በአማርኛ የዐረፍተ ነገሩ ፍርድ የሚያርፈው በመጨረሻው ማሰሪያ አንቀጽ ላይ ስለ ሆነ ነው። ጸሐፊው በ«ቢ...ም» ያስቀደመውን ሐሳብ አምኖ ተቀብሎታል፤ ሆኖም በመጨረሻ ያስቀመጠውን አስበልጦበታል። ስለዚህ «ቢ...ም» በምትጽፉበት ጊዜ የትኛውን ሐሳብ በመጨረሻ እንደምታስቀምጡ ዐውቃችሁ አስቀምጡ። በሚኒስትሩ ውሳኔ ውስጥ የመጨረሻውን ስፍራ የያዘው የትኛው ሐሳብ እንደ ሆነ ምንባቡን መልሳችሁ ተመልከቱ።

3ኛ. አንዱን ጥለው ሌላውን የሚያጸኑ ወይም የሚያበልጡ፦ ሳይሆን፣ እንጂ፣ ከ ... ይልቅ።

ምሳሌ፦ ወሰኑ በካርታ ላይ የተሰመረ እንጂ በምድር ላይ የሚታይ አይደለም።

ማስታወሻ፦ ብዙ ተማሪዎች «ምንም እንኳ ነፋሱ ብርቱ ቢሆንም ነገር ግን ሁልጊዜ አይነፍስም» ብለው ይጽፋሉ። «ቢሆንም» የተቃርኖውን ሥራ ስለ ፈጸመ «ነገር ግን» ትርፍ ነው። ከሁለቱ አንዱን ማስቀረት ይገባል።

መልመጃ አንድ

ቀጥሎ ያሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በ«ቢ...ም» እያያያዛችሁ በሁለት መንገድ ጻፉ። በመጀመሪያ የደጋፊውን፣ ቀጥሎ የተቃዋሚውን ሐሳብ እንዲያስበልጡ አድርጉ።

1. ኮረብታው ከፓርኩ ወሰን ውጪ ነው። / ኮረብታው ከፓርኩ ውስጥ ይታያል።
2. አውራ ጎዳናው ጩኸት አለው። / ከኮረብታው ጫፍ ላይ ጸጥታ ይገኛል።
3. ሙግቱ ብዙ ጊዜ ወሰደ። / ነዋሪዎች ሁሉ የመናገር ዕድል አገኙ።

ሠ. ድርሰት፦ አመዛዛኝ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

አመዛዛኝ ድርሰት እንደ ሌሎቹ ድርሰቶች መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። በመግቢያው ጉዳዩ ምን እንደ ሆነና ሰዎች በምን ላይ እንዳልተስማሙ ይገለጻል። በሐተታው የሁለቱ ወገኖች ምክንያቶች በተለያዩ አንቀጾች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ አንቀጽም አንድ ኀይለ ቃል ይኖረዋል። በመደምደሚያው ጸሐፊው ፍርዱን ከነምክንያቱ ያስታውቃል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገሮች ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

አንደኛ፣ እውነታንና አስተያየትን መለየት። «የተርባይኑ ቁመት 115 ሜትር ነው» የሚለው በመለኪያ ሊረጋገጥ የሚችል እውነታ ነው። «ተርባይኑ አስቀያሚ ነው» የሚለው ግን አስተያየት ነው። አስተያየት አይጻፍ ማለት አይደለም፤ የዊናሽ ሙግት ራሱ ስለ ውበት ነበርና። ነገር ግን አስተያየት የማን እንደ ሆነ ተገልጾ መጻፍ አለበት፦ «ተቃዋሚዎቹ እንደሚሉት»፣ «የመንደሩ ነዋሪዎች እንደሚያምኑት»። አስተያየትን «እንደሚታወቀው» ብሎ መጀመር አንባቢን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፣ በግሥ አለማዳላት። አንዱ ወገን «አስረዳ»፣ «ገለጸ» ተብሎ፣ ሌላው «ለፈለፈ»፣ «ቀባጠረ» ከተባለ፣ ምክንያታቸው ገና ሳይመረመር ፍርድ ተሰጥቷል ማለት ነው። ለሁለቱም ወገኖች እኩል ግሥ ስጡ።

ሦስተኛ፣ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በብርቱ ጎኑ ማቅረብ። ደካማውን ምክንያት መርጦ አቅርቦ እርሱን መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማንንም አያሳምንም። የጻፋችሁትን የተቃራኒው ወገን ሰው ቢያነበው «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» የሚል ከሆነ በትክክል ጽፋችኋል። «ይህን አላልሁም» የሚል ከሆነ ግን ጽሑፉ ገና አልተጠናቀቀም።

የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አወዳድሩ።

አንቀጽ አንድ፦ «የነፋስ ተርባይን እንዳይተከል የሚፈልጉ ሰዎች ሥልጣኔን የሚጠሉ ናቸው። ለሽርሽር ብቻ ያስባሉ። እንደሚታወቀው ተርባይን ምንም ጉዳት የለውም። ስለዚህ የእነርሱ ጩኸት ሊሰማ አይገባም።»

አንቀጽ ሁለት፦ «የዕቅዱ ተቃዋሚዎች ንጹሕ ኀይልን እንደማይጠሉ ተናግረዋል። ጥያቄያቸው ስለ ቦታው ነው። ተርባይኖቹ ከሁለት ብሔራዊ ፓርኮች ስለሚታዩ፣ ከአንድ ኮረብታ በላይ የሆነ ገጽታ ይለወጣል ይላሉ። ይህ ምክንያት ክብደት አለው። ይሁን እንጂ የአየር ጠባይ ለውጥ ወሰን የማያውቅ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ አካባቢ ተርባይን ወደ ጎረቤቴ ይሂድ ቢል የሚቀበል አካባቢ አይገኝም። ስለዚህ ገጽታው ቢለወጥም፣ ዕቅዱ መፈቀድ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።»

የሁለቱም አንቀጾች ጸሐፊዎች ደጋፊዎች ናቸው። የመጀመሪያው ግን ሰዎቹን ሰደበ እንጂ ምክንያታቸውን አልነካም። ሁለተኛው ምክንያታቸውን ከጠቀሰና ክብደቱን ካመነ በኋላ የራሱን ምክንያት አቀረበ። ሚኒስትሩ ከዚህ ጸሐፊ የተለየ ውሳኔ ሰጥተዋል፤ ያም ሆኖ የጸሐፊው አንቀጽ የተስተካከለ ነው። የአመዛዛኝ ድርሰት ዋጋ የሚለካው በመጨረሻ በደረሰበት ፍርድ ሳይሆን፣ ወደ ፍርዱ በሄደበት መንገድ ነውና።

መልመጃ ሁለት

1. አንቀጽ አንድን አርማችሁ እንደገና ጻፉ። የጸሐፊውን አቋም አትለውጡ፤ ስድቡንና ማስረጃ የሌለውን ቃል ግን አስወግዱ።

2. ክፍላችሁ አጣሪ ሸንጎ ይሁን። አንድ ተማሪ አጣሪ፣ አራት ተማሪዎች ደጋፊዎች፣ አራት ተማሪዎች ተቃዋሚዎች ሆነው ይመረጡ፤ የቀሩት የመንደሩ ነዋሪዎች ይሁኑ። ጉዳዩ ይህ ነው፦ በአንድ ቀበሌ የወል ግጦሽ መሬት ላይ የነፋስ ተርባይኖች እንዲተከሉ ታቅዷል። ተናጋሪው በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተን እንጂ በጩኸት አይቋረጥ። ሁለቱ ወገኖች ከጨረሱ በኋላ ቦታ ተለዋውጠው ይከራከሩ፤ ደጋፊ የነበረው ተቃዋሚ፣ ተቃዋሚ የነበረው ደጋፊ ይሁን።

3. ከክርክሩ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ በአጣሪው ስፍራ ሆኖ አምስት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ይጻፍ። አንደኛው አንቀጽ መግቢያ፣ ሁለተኛው የደጋፊዎች ሐሳብ፣ ሦስተኛው የተቃዋሚዎች ሐሳብ፣ አራተኛው ማመዛዘኛ፣ አምስተኛው የውሳኔ ሐሳብ ይሁን። በአራተኛው አንቀጽ ቢያንስ ሁለት ጊዜ «ቢ...ም»፣ አንድ ጊዜ «ከ...ይልቅ» ግባ።

4. ድርሰታችሁን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት በውሳኔያችሁ ለማይስማማ ጓደኛችሁ አስነብቡ። የእርሱ ሐሳብ በትክክል ተጽፎ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ካልተጻፈ አርሙ። በውሳኔው እንዲስማማ ግን አትጠይቁት።